የአንጎል ግንድ የደም ሥር ችግር፦ ቡና ላይ የሚወራውና እውነታው

አንድ ዘመዳችን ኤምአርአይ ተነስቶ «አንጎል ግንድ ላይ ካቨርኖማ አለ» ተባለ፤ አንጎልን ከአከርካሪ ገመድ ጋር በሚያገናኘው ክፍል ላይ የደም ሥር ጉብታ አለ ማለት ነው። ባሕር ዳር፣ ቤታችን ቡና እየተጠጣ የሰማኋቸውን ወሬዎች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ፊቱን ያጣመመው መጋኛ ነው።» ፊት የሚጣመመው በፊት ነርቭ ብቻም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት፣ መንገዳገድና መዋጥ ማቃት አብረው በድንገት ከመጡ አንጎል ግንድ ላይ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ሆስፒታሉ ግን ይቅደም።

«ካንሰር ነው።» አይደለም። ግድግዳቸው የሳሳ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንደ እንጆሪ ፍሬ የተጠጋጉበት ጉብታ ነው። ከ200 ሰው በግምት አንዱ አንጎሉ ውስጥ ካቨርኖማ አለው፤ አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል። ደም በዝግታ ስለሚያልፍበት በአንጂዮግራፊ (በደም ሥር ራጅ) አይታይም፤ በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ በደም ሥር ገብቶ መዝጋትም ለዚህ አይሠራም። ያ ሕክምና ደም በኃይል ለሚፈስበት ለሌላው ዓይነት የደም ሥር ችግር ነው።

«አንጎል ግንድ በቢላ አይነካም።» ድሮ እውነት ነበር ማለት ይቻላል። አጎቴ ደግሞ ተቃራኒውን ያዘ፦ «ከተገኘ ዛሬውኑ ይውጣ!» ሁለቱም ልክ አይደሉም። የጣናን ታንኳ አስቡት፤ ደንገሉ እስር በእስር ተጠፍሯል። አንጎል ግንድም እንዲሁ ነው፤ እጅና እግር የሚያዝዙት፣ ዓይን የሚያንቀሳቅሱት፣ የሚያስተነፍሱት ነርቮች ሁሉ አውራ ጣት በምታህል ውፍረት ውስጥ ተጠጋግተዋል። ጉብታው ወደ ውጭ ወጥቶ የግንዱን ገጽ ከነካ ሐኪሙ ጤናማውን ሳይቆርጥ ይደርስበታል። ጥልቅ ውስጥ ከተቀበረ ግን መንገዱ ራሱ ጉዳት ነው። ስለዚህ ደም ያልፈሰሰው አብዛኛውን ጊዜ በክትትል ይቆያል፤ ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ደጋግሞ ለፈሰሰው፣ ወይም አንዴ ፈሶ ክፉኛ ለጎዳውና ለሚደረስበት ነው። ከተገባ በኋላ ጉብታው ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ቅሪቱ እንደገና ሊደማ ይችላል። አጠገቡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትልቅ ደም መላሽ ግን አይነካም፤ የጤናማው አንጎል ደም የሚወጣው በእሱ ነው።

«ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሰበት፤ አበላሹት።» በመጀመሪያዎቹ ቀናት መባስ የተለመደ ነው። ብዙዎች በሳምንታትና በወራት ይሻላቸዋል፤ ቋሚ ጉዳት የሚቀርባቸውም አሉ፣ ይህን ለኦፕራሲዮኑ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ነው። አንድ ነገር ግን በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣውን ይመለከታል፦ የመዋጥ ምርመራ ሳይደረግ አጥሚት አንድ ማንኪያም አትስጡት። ትን ብሎት ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል።