«ጤና ኬላው ምን ይረባል?» እና ሌሎች ልጆቻችንን የሚጎዱ አባባሎች

መንዝም ሆነ መርሐቤቴ፣ ልጅ ሲያመው መጀመሪያ የሚነሳው የመንገዱ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ሩቅ ነው። እውነት ነው፣ ሩቅ ነው። ግን ሠፈር ውስጥ ያለውን የጤና ኬላ በር ሳናንኳኳ ስንት ቀን እናሳልፋለን!

«ጤና ኬላ ክትባት ብቻ ነው»

አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ወባና የምግብ እጥረት ያክማሉ። የሳንባ ምችን ለመለየት ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። እናት ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች። ልብሱ ገለጥ ይደረጋል። ባለሙያዋ ሰዓቷን ይዛ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ከ2 ወር በላይ ሆኖ ዓመት ላልሞላው 50፣ ዓመት ላለፈው 40 ከደረሰ አተነፋፈሱ ፈጥኗል ማለት ነው። ልጅ እያለቀሰ አይቆጠርም፤ እስኪረጋጋ ስትጠብቅ አትቸኩሉባት። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም መጥባት ያቃተው ልጅ ግን በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይላካል።

«ተቅማጡ የጥርስ ነው፤ ግጉ ይውጣለት»

ይሄኛው አንጀቴን ይበላኛል። አያቶቻችን በቅንነት ነው የሚሉት። ግን ግግ የሚባለው ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። ድዱን ቆፍሮ ማውጣት ተቅማጡን አያቆምም። ሕፃኑ ይደማል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። ተቅማጥ የሚገድለው የሰውነትን ውሃ አሟጦ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና የዚንክ እንክብል ነው። የ1 ሊትሩን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ በ24 ሰዓት ካላለቀ ድፉት። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩን አታቋርጡ። ጡትም ምግብም አትከልክሉት።

«የክትባቱ ቀን ካለፈ አለፈ»

ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያ አይጀመርም። ካርዱ ቢጠፋም ሂጂ እህቴ። በ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት «ጨርሰናል» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በ15 ወር ሁለተኛው አለ።

«የማህፀን በር ካንሰር ክትባት መካን ያደርጋል»

አያደርግም። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው። የሚከላከለው ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ ነው። ትምህርት ያቋረጠችውም ልጅ ትከተብ።

«መድን አለኝ፤ በቀጥታ ሆስፒታል እወስደዋለሁ»

የጤና መድኑ መንገድ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሪፈር (የመላኪያ ወረቀት) ሳያጽፉ የሄዱ ወላጆች ከኪሳቸው ሊከፍሉ ይችላሉ። የመድን ደብተሩም በየዓመቱ ይታደሳል፤ ልጁ ሳይታመም፣ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ተመልከቱት።