ሴሲሊያ ሙኞዝ፦ ከላ ራዛ ምክር ቤት እስከ ዋይት ሐውስ

ሴሲሊያ ሙኞዝ በብሔራዊ የላ ራዛ ምክር ቤት ሃያ ዓመት አገልግለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ኦባማ አስተዳደር የተሻገሩ የፖሊሲ መሪ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሲሰናበቱ የድርጅቱን የምርምር፣ የጥብቅናና የሕግ ጉዳዮች ክፍል በከፍተኛ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ይመሩ ነበር።

ላቲኖ ለሚባሉት በአሜሪካ የሚኖሩ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች መብት የሚሟገተው ይህ አንጋፋ ድርጅት በ1968 በአሪዞና ተመሠረተ፤ ራውል ኢዛጊሬ ከ1974 እስከ 2004 መርተውታል። ከ2017 ጀምሮ ዩኒዶስዩኤስ ተብሏል።

ሙኞዝ በ1962 በዲትሮይት ከቦሊቪያውያን ወላጆች ተወለዱ። በ17 ዓመታቸው አንድ የቤተሰብ ወዳጅ፣ አሜሪካ ከላቲን አሜሪካ ጋር ብትዋጋ ወላጆቻቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ ጃፓናውያኑ ወደ ማጎሪያ ካምፕ መግባት እንዳለባቸው ነገራቸው። ሰውየው ባዕድ አልነበረም፤ ቃሉ የከበደውም ለዚህ ይመስላል። በ2005 በሬዲዮ ባሰሙት ጽሑፍ ያ ቁጣ የሥራቸው ስንቅ እንደሆነ ተናግረዋል።

ሥራውን ከሥር የተማሩት በቺካጎ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የ1986ቱ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከ1982 መግቢያ በፊት ጀምሮ ያለ ወረቀት ለኖሩ ስደተኞች የመኖሪያ ፈቃድ በር ከፈተ፤ ግን አመልካቹ መኖሩን በሰነድ ማሳየት ነበረበት። ዓመታት ተደብቆ የኖረ ሰው ምን ሰነድ ይኖረዋል? የቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የመብራት ክፍያ እየተለቀመ ማመልከቻው ይሞላል። በመላ አገሪቱ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ሕግ ፈቃድ አገኙ።

በ1988 ላ ራዛን ተቀላቀሉ። ያው ሕግ ፈቃድ የሌለውን የሚቀጥር አሠሪ እንዲቀጣ ያዝዝ ስለነበር፣ ድርጅቱ አሠሪዎች መልካቸው ወይም አነጋገራቸው የባዕድ የመሰላቸውን ሁሉ ይገፋሉ ሲል ተሟገተ። በ1990 የኮንግረሱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት አድልዎው መኖሩን አረጋገጠ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያውያን ዲቪ የምንለውን ሎተሪ ያቋቋመው ሕግ ወጣ። የ1996ቱ ሕግ ሕጋዊ ስደተኞችን ከምግብ ድጎማ ሲያስወጣ ድርጅቱ በብርቱ ታገለ፤ በ1998 ከፊሉ ተመለሰ። ሙኞዝ በ2000 «የሊቆች ሽልማት» የሚባለው የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው።

ኦባማ የፖለቲካ አግባቢዎችን (ሎቢስቶችን) ከመንግሥት ሥራ የሚያግድ ደንብ አውጥተው ነበርና፣ አግባቢ የነበሩት ሙኞዝ የገቡት በልዩ ፈቃድ ነው። በ2012 የዋይት ሐውስን የአገር ውስጥ ፖሊሲ ምክር ቤት መምራት ጀመሩ፤ በቦታው የመጀመሪያዋ ላቲኖ ናቸው። ያን ጊዜ በዓመት 400,000 ያህል ሰዎች ይባረሩ ስለነበር ብዙ የትግል ጓዶቻቸው አዘኑባቸው። የቀድሞ ድርጅታቸው መሪ ጃኔት ሙርጊያም በ2014 ኦባማን «የአባራሪዎች አለቃ» ሲሉ ጠሯቸው። ሙኞዝ፣ ኮንግረስ ያጸደቀውን ሕግ መንግሥት የማስፈጸም ግዴታ አለበት ሲሉ ተከራክረዋል። አቋማቸው እስከ ዛሬ ቢያከራክርም የስደተኞችን ጉዳይ ረስተውታል ማለት ግን ግፍ ነው።

በሰኔ 2012 በልጅነታቸው የመጡ ወጣቶችን ከመባረር የሚያቆይ መርሐ ግብር ታወጀ። አመልካቹ ከሰኔ 2007 ጀምሮ በአገሪቱ መኖሩን ማሳየት ነበረበት፤ እናቶች እንደገና መሳቢያ ከፍተው የትምህርት ቤት ወረቀትና የክትባት ካርድ ይፈልጉ ጀመር።