የዓለም ሃይማኖቶች አመጣጥና ከክርስትና የሚለዩባቸው ነጥቦች

ብዙ ተከታይ ያላቸው የዓለም ሃይማኖቶች በአብዛኛው የፈለቁት ከሁለት አካባቢዎች ነው። ከሕንድ ክፍለ አህጉር ሂንዱይዝም፣ ቡድሂዝም፣ ጃይኒዝምና የሲክ እምነት ሲነሡ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ ደግሞ የአይሁድ እምነት፣ ክርስትናና እስልምና ተነሥተዋል። «ሁሉም የሚያስተምሩት አንድ ነው» የሚለው አባባል ለሰላም የሚበጅ ቢመስልም የየትኛውንም አማኝ እምነት አያከብርም፤ የሰው ልጅ ችግር ምን እንደሆነና መፍትሔውም ከየት እንደሚመጣ እያንዳንዱ ሃይማኖት የራሱን መልስ ይሰጣልና። ከክርስትና ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው መሥራቹ በሃይማኖቱ ውስጥ በያዘው ቦታ ነው።

ሂንዱይዝም አንድ መሥራች የለውም። ከቅዱሳት መጻሕፍቱ ቀዳሚ የሆነው ሪግቬዳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት የተደረሱ የውዳሴ መዝሙሮችን የያዘ ሲሆን፣ በጽሑፍ ከመስፈሩ በፊት ለብዙ ዘመናት በቃል ሲተላለፍ ኖሯል። በትምህርቱ መሠረት ነፍስ በሥራዋ ውጤት፣ ማለትም በካርማ፣ ታስራ ደጋግማ ትወለዳለች፤ የመጨረሻው ግብም ከዚህ ዑደት መፈታት ነው። ቪሽኑ የተባለው አምላክ ራማና ክሪሽና ሆኖ ወደ ምድር ወርዷል የሚለው ትምህርት በመጀመሪያ እይታ ከምሥጢረ ሥጋዌ፣ ማለትም አምላክ ሰው ሆነ ከሚለው የክርስትና ትምህርት፣ ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ የቪሽኑ መውረድ ዓለም በክፋት በታወከች ቁጥር የሚደጋገም ነው። ክርስትና ግን ቃል ሥጋ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ያስተምራል፤ በጸሎተ ሃይማኖቱ የሮማዊው ገዥ የጴንጤናዊው ጲላጦስ ስም መጠራቱም ድርጊቱ በታወቀ ዘመን የተፈጸመ መሆኑን ይመሰክራል።

ቡድሂዝምን የመሠረተውና ቡድሃ (የነቃው) ተብሎ የሚጠራው ሲድሃርታ ጋውታማ በዛሬዪቱ ኔፓል በምትገኘው በሉምቢኒ እንደተወለደ ይታመናል። የመከራ ሥሩ ምኞት እንደሆነና ምኞት ሲጠፋ መከራም እንደሚያበቃ አስተማረ። እርሱ መንገዱን ያገኘ መምህር እንጂ ፈጣሪ ወይም ቤዛ አይደለም።

የአይሁድ እምነት ለክርስትና ከሁሉም የቀረበ ነው። የኢየሱስ የመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርት አይሁድ ነበሩ፤ ኦሪትና ነቢያትም የሁለቱም ቅዱሳት መጻሕፍት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ካፈረሱ በኋላ የአይሁድ ሃይማኖታዊ ሕይወት በምኩራብና በሊቃውንቱ ትምህርት ዙሪያ ተደራጀ። ዋናው መለያያ ነጥብ መሲሑ መጥቷል ወይስ ገና ይመጣል የሚለው ነው።

እስልምና እንደሚያስተምረው ነቢዩ ሙሐመድ እ.ኤ.አ. በ610 ገደማ በመካ ወሕይ (መለኮታዊ መገለጥ) መቀበል ጀመሩ፤ በ622 ወደ መዲና ያደረጉት ስደትም የሂጅራ ዘመን አቆጣጠር መነሻ ሆነ። ቁርዓን ዒሳ (ኢየሱስ) ከድንግል መርየም (ማርያም) መወለዱንና መሲሕ መባሉን ይቀበላል፤ የአምላክ ልጅ መሆኑንና መሰቀሉን ግን አይቀበልም። ቁርዓንን ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ነቢዩን ደግሞ ከክርስቶስ ጋር ማነጻጸር የተለመደ ቢሆንም፣ ንጽጽሩ ብዙ ያስታል። በእስልምና የአምላክ ቃል የወረደው መጽሐፍ ሆኖ ነው፤ በክርስትና ግን የአምላክ ቃል ራሱ ክርስቶስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቂያ ጉባኤም ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ደነገገ።

መዳን በጸጋ የሚለው አሳብ ከክርስትና ውጭ ፈጽሞ የለም ማለት ግን ትክክል አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጃፓናዊው መነኩሴ ሺንራን፣ ሰው በራሱ ጥረት ሳይሆን አሚዳ በተባለው ሌላ ቡድሃ ምሕረት በመታመን ነጻ እንደሚወጣ አስተምሯል። ሆኖም አሚዳ ዓለምን የፈጠረ አምላክ አይደለም፤ ተስፋውም ሰው ሆኖ በመሞትና በመነሣት ላይ የተመሠረተ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ነው ብሏል።