የሞተር ቱን በደሴና በኮምቦልቻ፦ የአምራቹ፣ የውጭ ባለሙያውና የዋስትናው ጉዳይ

የሞተር ቱን የሚባለው ሥራ ሞተሩን ሳይፈቱ፣ የሚያዘው ኮምፒውተር የሚመራባቸውን ሠንጠረዦች መለወጥ ነው። እነዚህ ሠንጠረዦች በእያንዳንዱ የሞተር ዙርና ጭነት ላይ ምን ያህል ነዳጅ፣ በየትኛው ቅጽበት እንደሚረጭ፣ ቱርቦውም አየሩን እስከ ምን ግፊት እንደሚያምቅ ይወስናሉ። ለውጡን የሚያደርገው አምራቹ ራሱ ወይም ከአምራቹ ጋር ምንም ውል የሌለው፣ እዚህ «የውጭ ባለሙያ» የተባለው ሰው ሊሆን ይችላል። በደሴና በኮምቦልቻ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ክብደት የሚያገኘው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው የመሬቱ ከፍታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በሁለቱ ከተሞች ከሚንቀሳቀሱት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ የአምራች ዋስትና ኖሯቸው የማያውቅ ወይም ዋስትናቸው ካለፈ የቆየ መሆኑ ነው።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ሳለ ከፍታዋ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱን የሚያገናኘው ጠመዝማዛው የሐረጎ ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ በ130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርድና የአፋር ሙቀት ውስጥ ይገባል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም ያላት ከተማ በመሆኗ፣ ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣ ከባድ መኪና በአንድ ጉዞ ከባሕር ወለል ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ደሴ ድረስ ሊወጣ ይችላል። ጉልበት የሚያስጨምር ሰው የሚያስበው ይህን ዳገት ነው።

በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ በኮምቦልቻ ወደ 81፣ በደሴ ወደ 75 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ስለዚህ ደሴ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የጎደለው አየር እንጂ ነዳጅ ስላልሆነ ይህን የሚመልስ ሶፍትዌር የለም። እንደ ቪትዝ ባሉ ቱርቦ የሌላቸው የቤንዚን መኪኖች ላይ ቱን የሚያስገኘው ጭማሪ በባሕር ወለል እንኳ ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ የማይዘል በመሆኑ፣ ደሴ ላይ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ትርፉ የማይታይ ወጪ ነው።

ቱርቦ ባለው የናፍጣ ሞተር ላይ ግን ነገሩ የተለየ ነው፤ የውጭ ቱን የሞተሩን ጉልበት ከ15 እስከ 30 በመቶ ሊጨምር ስለሚችል ፈላጊው ብዙ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር 200 ኪሎ ፓስካል ላይ ለማድረስ ቱርቦው ጅቡቲ ወደብ ላይ የውጭውን አየር ሁለት እጥፍ ማመቅ ይበቃዋል፤ ደሴ ላይ ግን ወደ 2.7 እጥፍ ማመቅ ይኖርበታል። ይህን ለማድረግ ይበልጥ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ የታመቀው አየርም ይበልጥ ይሞቃል። አምራቹ የከባቢ አየርን ግፊት የሚለካ ዳሳሽ የሚያስገባውና ከፍታው ሲጨምር ኮምፒውተሩ ነዳጁንና ግፊቱን እንዲቀንስ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ሹፌሩ ሐረጎ ላይ «መኪናው ደከመ» ሲል የሚሰማው አንዳንዴ ይኸው ጥንቃቄ ነው። የውጭ ባለሙያ ዒላማውን ወደ 230 ኪሎ ፓስካል ከፍ አድርጎ የከፍታውን ቅነሳ ቢያነሣው፣ ቱርቦው ደሴ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ እንዲያምቅ ታዟል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ለብዙ አነስተኛ ቱርቦዎች የአቅማቸው ዳር ነው። ሐረጎን ሲወጡ ጭነትና ቀጭን አየር በአንድ ላይ ስለሚመጡ የጭስ ማውጫው ሙቀት ከፍ ይላል፣ ፒስቶን የሚቀልጠውም ብዙውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ረጅም ጫና ነው። የተለወጡትን ሠንጠረዦች ይዘው ወደ ጋራዥ የሚላኩት ዝግጁ ፋይሎች ለየትኛው ከፍታ እንደተጻፉ የሚጠይቅ ደንበኛ ጥቂት ነው፤ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ግን እርሱ ነበር።

ጉልበት ማስጨመር ራሱ ከኮምፒውተር በፊትም የነበረ ልማድ ነው። ፖምፓቸው ሜካኒካል በሆነ አሮጌ አይሱዙዎችና ሃይኤሶች ላይ መካኒኩ የናፍጣውን መጠን በቡሎን ከፍ ያደርገዋል፤ ውጤቱም ዳገት ላይ በሚወጣው ጥቁር ጭስ ወዲያው ይታወቃል። ኮምፒውተር ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በሚያስረጭበት የኮመን ሬል ሞተር ላይ ግን ስሕተት እንዲህ በዐይን አይታይም፤ ጭስ ሳይጨምር የሙቀትና የግፊት ጫና ሊያድግ ይችላል።

አምራቹ ከሞተሩ የመጨረሻ አቅም በታች የሚቆመው ለዳገትና ለሙቀት ብቻ አይደለም። ያው ሞተር በብዙ አገር፣ በተለያየ ጥራት ናፍጣ፣ ሰርቪሱ በዘገየ መኪናም ላይ መሥራት አለበት። ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ የሚገዛ ሹፌር ያንን ትርፍ አቅም ሳያውቀው እየተጠቀመበት ነው። የቶዮታ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኩባንያው ጉልበቱን ከ130 ወደ 150 ኪሎ ዋት፣ የአውቶማቲኩን ሂሉክስ ቶርክ (የማዞር ኃይል) ከ450 ወደ 500 ኒውተን ሜትር ሲያሳድግ ሶፍትዌር ብቻ አልቀየረም፤ ቱርቦውንም ለወጠ። በእጅ ማርሽ የሚሠራውን ሂሉክስ ግን 420 ላይ ተወው። ሞተሩ አንድ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ የወረደው ከኋላው ያለውን ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ለመጠበቅ ነው ብሎ መገመት አይከብድም። የእጅ ማርሽ መኪናውን በውጭ ቱን ወደ 500 የሚያስጠጋ ሰው አምራቹ ያልፈቀደውን ጫና በፍሪሲዮኑ ላይ ይጥላል፤ ዳገት ላይ ከነጭነቱ መነሣት የዕለት ሥራ በሆነበት አካባቢ ይህ ቶሎ ዋጋ ያስከፍላል።

አንዳንድ አምራቾች ጉልበት የሚጨምር ሶፍትዌር ራሳቸው ይሸጣሉ፤ ቮልቮ በፖልስታር ስም ለመኪኖቹ ያቀረበው ለውጥ የፋብሪካ ዋስትናውን ሳይነካ የሚጫን ነበር። እንዲህ ያለው አቅርቦት ጭማሪው መጠነኛ፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። ሁለቱ ከተሞች በብዛት የሚያውቋቸው የሥራ መኪኖች ላይ «የአምራች ቱን» የሚባለው በተግባር ከፋብሪካ የመጣው ወይም በሰርቪስ ጊዜ የሚታደሰው መደበኛ ሶፍትዌር ነው። እርሱንም እንከን የለሽ አድርጎ ማየት አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቮልስዋገን 11 ሚሊዮን ያህል የናፍጣ መኪኖች ላይ የልቀት ፈተናን የሚያታልል ሶፍትዌር መጫኑ ተጋልጧል። አምራቹ ከውጭ ባለሙያ የሚለየው ሞተሩ ሲበላሽ የሚጠየቅ መሆኑ ነው።

የውጭው ቱን በሁለት መንገድ ይሠራል። በመጀመሪያው መንገድ የኮምፒውተሩ ፋይል ተነብቦ፣ ተሻሽሎ መልሶ ይጻፋል። በሁለተኛው መንገድ ደግሞ በዳሳሹና በኮምፒውተሩ መካከል ትንሽ ሣጥን ይገባና ኮምፒውተሩ የተሳሳተ መረጃ እንዲያነብ ይደረጋል፤ ለምሳሌ የነዳጁ ግፊት ዝቅ ያለ መስሎት ከፍ ያደርገዋል። ሣጥኑ ተነቅሎ ስለሚወጣ ዋስትና ያለው ሰው ይመርጠዋል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ግፊት ስለማያውቅ የራሱ መከላከያ በጊዜው ላይነሣ ይችላል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ፣ ከፍታውን ባወቀ ባለሙያ የተጻፈ ፋይል ከሣጥኑ ይሻላል።

ዋስትናን በተመለከተ ኢንተርኔት ላይ ብዙ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ አዋጅ አምራች የእኔን ዕቃ ካልተጠቀምክ በሚል ብቻ ዋስትና እንዳያስቀር ይከለክላል። ሰዎች ይህን እያነሱ የደሴ ሻጭን ሊሞግቱ ሲሞክሩ ነገሩ አይሠራም፤ እዚህ የሚገዛው የኢትዮጵያ ሕግና ገዢው የፈረመው ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ስላለበት ኃላፊነት ይደነግጋል፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም የሸማቹን መብት ይጠብቃል። ሁለቱም ግን ዕቃው ከሻጩ ሲወጣ የነበረውን ጉድለት እንጂ ገዢው በኋላ ያመጣውን ጉዳት ለማስከፈል የታሰቡ አይደሉም። የአምራቹ ዋስትና ከዚህ በላይ የሚሰጥ ተጨማሪ ቃል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ 3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ በደረሰው የሚቆም ነው። ያልተፈቀደ ለውጥ፣ የተበከለ ነዳጅና የተዘለለ ሰርቪስ በውሉ ውስጥ ከሽፋን ውጭ ተብለው የሚጻፉ የተለመዱ ነጥቦች ናቸው።

ቱን የተደረገ መኪና ዋስትናው በሙሉ ይሰረዛል የሚለው አባባል ሁሌም እውነት አይደለም። የመስኮት ሞተር ቢበላሽ ከቱኑ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቱርቦ፣ ኖዝል፣ ፒስቶን፣ የቴስታ ጋርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ግን በቀጥታ የሚነኩ ክፍሎች ስለሆኑ የአምራቹ ወኪል ዋስትናውን ለመከልከል በቂ ምክንያት ያገኛል። አንዳንድ ውሎች ደግሞ ማንኛውም ያልተፈቀደ ለውጥ ዋስትናውን ያስቀራል ብለው በግልጽ ይጽፋሉ፤ እንዲህ ያለ ውል የፈረመ ሰው ጉዳዩ ከመኪናው ሳይሆን ከፊርማው ጋር ነው።

ሰርቪስ ከመውሰድ በፊት ወደ ቀድሞው ፋይል መመለስ መፍትሔ ነው የሚል ምክር በጋራዥ አካባቢ ይሰማል። ነገር ግን ብዙ ኮምፒውተሮች ስንት ጊዜ እንደተጻፉ ይቆጥራሉ። የፋይሉን መለያና የማረጋገጫ ቁጥርም መመርመሪያ መሣሪያ አንብቦ ከፋብሪካው ጋር ማነጻጸር ይችላል። ቮልስዋገንና አውዲ ተነክቶ የተገኘ መኪና በመዝገባቸው ላይ ቲዲ ዋን በሚል ምልክት ይይዙታል፤ ምልክቱም መኪናው ወደየትኛውም ወኪል ቢሄድ ይከተለዋል። ሣጥኑ ምልክት ባይተው እንኳ የተበላሸው ፒስቶን ስለ ሙቀቱ ይናገራል።

ዋስትናው ላለፈ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በግል ለመጣ መኪና ጥያቄው ይቀየራል፤ ሞተሩ ቢቃጠል የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ብቻ ይቀራል። መልሱ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ነው፤ የተለመደው የመኪና ኢንሹራንስም የሞተርን ውስጣዊ ብልሽት አይሸፍንም። ስለዚህ ለኪራይ የሚሠራ አይሱዙ ባለቤት ቱን ከማስደረጉ በፊት የመጀመሪያውን ፋይል ቅጂ ለራሱ መያዝ፣ የጭስ ማውጫ ሙቀት መለኪያ ማስገባት፣ ከባለሙያው ጋርም በጽሑፍ መስማማት አለበት። አንድ ነገር ግን ቱን አይሰጠውም፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚይዘው ፍሬን ያው የቀድሞው ነው። ዳገቱን በቀላሉ ስለወጣ ጭነት የጨመረ ሹፌር ያንን ጭነት ሐረጎ ላይ ቁልቁል ይወርድበታል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አዲስ የሚመጡት የቤት መኪኖች የኤሌክትሪክ ናቸው። በእነርሱ ላይ ሶፍትዌሩን አምራቹ በኢንተርኔት እየላከ ይቀይራል፣ ጉልበቱም በሶፍትዌር የተገደበ ነው፤ የዋስትናው ክርክር ከቱርቦ ወደ ባትሪ ተዛውሯል። ከቻይና በነጋዴ እጅ የገቡ የቮልስዋገን አይዲ መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ባለቤቶቻቸው ማንም ምንም ሳይነካባቸውም የአምራቹን ዋስትና እዚህ ለመጠየቅ ይቸገራሉ።