የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ውፍረት የሚማሩበት የኦንላይን ሥልጠና ምንድን ነው?

እኛ ጋ «ወፈርሽ እኮ!» ማለት ሙገሳ ነው። ከርሞ የተገናኘ ሰው «ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል» ይላል። «ምነው ከሳሽ?» ሲባል ግን ወዲያው በሽታ ወይም ችግር ይታሰባል። እናቶቻችን ረሃብን በዓይናቸው ያዩ ናቸውና አይፈረድባቸውም። ዛሬ ግን ስኳርና ደም ግፊት ያልገባበት ቤተ ዘመድ ማግኘት ከባድ ሆኗል። ውፍረት ደግሞ ለሁለቱም በር ከፋች ነው። ይህን ጉዳይ በየቤቱ ገብታ ማንሳት የምትችለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። እሷስ የት ትማረው?

የኦንላይን ሥልጠና የሚባለው ለዚህ ነው። የሠፈር ጤና ሠራተኛ ሥራዋን ሳትለቅ በስልኳ ወይም በታብሌት የምትከታተለው ኮርስ ነው። ውፍረት እንዴት እንደሚለካ፣ ምን እንደሚመከር፣ ሰውን መቼ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ እንዳለባት ትማርበታለች። አጫጭር ቪዲዮ አለው፣ በድምፅ የተቀዳ ትምህርት አለው፣ በየምዕራፉ ጥያቄ አለው።

ለምን በኦንላይን? የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ይሠለጥናሉ፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ይመደባሉ። ሁለቱ ሴቶች ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ይጠብቃቸዋል። አንዷ ለሥልጠና ከተማ ገብታ ሳምንት ብትቆይ ግማሹ ቀበሌ ባዶ ቀረ ማለት ነው። ክትባቱም፣ የነፍሰ ጡር ክትትሉም ባንዷ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ካሉበት ሳይርቁ መማር ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ 13 የትምህርት ሞጁሎች አዘጋጅቶላቸው ነበር። አንደኛው ተላላፊ ስላልሆኑ በሽታዎች ነው። ማንም ሰው ከኢንተርኔት ላይ በነፃ ያወርዳቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ልኬቱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለሜትር እንግዳ አይደለችም። የሕፃን ክንድ የምትለካበት ባለ ቀለም ሜትር ከቦርሳዋ አይጠፋም። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል፤ ልጁ በጣም ተጎድቷልና ቶሎ ሕክምና ይፈልጋል። ዓመታት ሙሉ ዓይኗ የሠለጠነው የከሳ ልጅ ፍለጋ ላይ ነው። ሥልጠናው የሚጠይቃት በዚያው ቤት ውስጥ እናትየዋንም እንድታይ ነው። የከሳ ልጅና ከልክ በላይ የወፈረች እናት ባንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ። አገራችን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ተሸክማለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ 100 ሴቶች 22ቱ ከሚገባው በላይ ቀጭን፣ 8ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም ነበሩ። ከተማው ብቻውን ሲታይ ወፍራሞቹ ከአምስት አንዷ ይሆናሉ።

የአዋቂ ልኬት የራሱ መላ አለው። ክብደት በኪሎ ይያዝና ለቁመት በሜትር አንዴ ይካፈላል፣ የመጣው ደግሞ እንደገና ለዚያው ቁመት ይካፈላል። ውጤቱ 25 ከሞላ ክብደት በዝቷል፤ 30 ከሞላ ውፍረት ይባላል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት 64 ኪሎ ስትሞላ 25 ላይ ትደርሳለች። 77 ስትሞላ 30ን አለፈች። ቦርጭ ደግሞ ለብቻው ይለካል። ሜትሩ ከጎድን አጥንት መጨረሻና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል ይዞራል፣ ሰውየው ትንፋሹን ቀስ ብሎ ሲያወጣ ይነበባል። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን አሥር ገጽ ጽሑፍ ከማንበብ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ማየት ይሻላል። እጅ የት እንደሚያርፍ ይታያላ!

ለእኔ ግን የሥልጠናው ልብ ወሬው ነው። ሰው ቤት ገብቶ፣ ቡና ተፈልቶለት፣ «ወፍረዋል» ማለት ቀላል አይደለም። «ስኳር ይቀንሱ፣ ዘይት ይቀንሱ» ብሎ ትእዛዝ መደርደርም አይሠራም። ሴትየዋ «እሺ ልጄ» ትላለች፣ ወዲያው ማንኪያዋን ታነሳለች። ጥሩ ኮርስ የሚያለማምደው መጠየቅን ነው። ስልኩ ላይ አንዲት እናት ትመጣለች፣ ሠልጣኟ ከሦስት መልስ አንዱን ትመርጣለች፣ ምርጫዋ ወሬውን ወዴት እንደወሰደው ታያለች።

«እትዬ፣ ሲኒዎ ላይ ስንት ማንኪያ ይጨምራሉ?»

«ሁለት።»

«ስንተኛው ላይ ይነሣሉ?»

«በረካውን ትቼማ አልነሣም።»

አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሁለት ሁለት ሲሆን ስድስት የሻይ ማንኪያ፣ 25 ግራም ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ለሙሉ ቀን ቢሆን የሚመኘው ጣሪያ ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ ቡናው ከተደገመ 12 ማንኪያ ሆነ። ገና ሻዩ፣ ገና ለስላሳው አልተቆጠረም። ሴትየዋ ይህን በራሷ ጣት ስትቆጥር ከማንኛውም ፖስተር ይበልጥ ይገባታል።

ዘይትም እንዲሁ ነው። ጾም ገባ ሲባል ሰውነት ያርፋል ብለን እናስባለን። ሽሮው ላይ የሚንቆረቆረውን ዘይት ግን ማን ይለካዋል? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ኮርሱ ከአገሬው ሽሮና ምስር ካልተነሣ፣ ከፈረንጅ ሰላጣ ከጀመረ፣ ሠልጣኟ ሰው ቤት ገብታ የምትለው አታገኝም።

ኔትወርክን በተመለከተ መላው አንድ ነው፤ ትምህርቱ ወረዳ ላይ በዋይፋይ ወርዶ፣ ጤና ኬላ ላይ ያለ ኢንተርኔት መከፈት አለበት።

ይህ ሁሉ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው ከመቶ 7 ያህሉን እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በቅርብ ታገዙ። ካልታገዙት ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ያንኑ ትምህርት ዛሬ እዚያ በየሠፈሩ ከሚሰጡት መካከል የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች አሉበት። እዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን በየጤና ማዕከላችሁ ብትጠይቁ አይከፋም። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ምክር ሰምተው ብቻ አልተበተኑም። ለወራት የሚከታተላቸው ሰው ነበራቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የምታውቅበት ይህንኑ ነው፤ ተመልሳ ትመጣለች።

ስለዚህ የልምምዱ የመጨረሻ ጥያቄ «የትኛውን መቀነስ ይቀልዎታል?» የሚል ነው። እትዬ ትንሽ ያስባሉ። «አቦሉን አትንኪብኝ። ቶናው ላይ አንድ ይሁን። በረካውን ያለ ስኳር እሞክረዋለሁ።» ሠልጣኟ የቤተሰብ ማህደሩን ከፍታ ይህንኑ ትጽፋለች። ከሥሩ የወገባቸውን ልኬት፣ ከጎኑ የሚቀጥለውን ጉብኝት ቀን።