ሃዶፒ ምንድን ነው?

ቶረንት ከፍተህ ፊልም ስታወርድ ብቻህን አይደለህም። የወረደልህን ቁራጭ ወዲያው ለሌላው እያቀበልክ ስለሆነ፣ እዚያ መሀል የገባ ማንም ሰው የመስመርህን ቁጥር፣ አይ ፒ አድራሻህን ማለት ነው፣ በግልጽ ያየዋል። ፈረንሳይ ውስጥ የሙዚቃና የፊልም ባለመብቶች የቀጠሩት ድርጅት እነዚህን ቁጥሮች ይለቅምና ለሃዶፒ ያስረክብ ነበር።

ሃዶፒ በ2009 (በአውሮፓውያኑ) በወጣ ሕግ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ነበር። ቁጥሩን ይዞ ኢንተርኔት አቅራቢውን “ይሄ መስመር የማን ነው?” ይል ነበር። ከዚያ ለደንበኛው ኢሜይል ይሄዳል። በስድስት ወር ውስጥ ከደገመ የአደራ ደብዳቤ ይጨመርበታል። ሦስተኛ ጊዜ ከተያዘ ነገሩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊሄድ ይችላል፤ ቅጣቱ እስከ 1500 ዩሮ።

መጀመሪያ የታሰበው ግን ከዚህም የከፋ ነበር፦ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ኢንተርኔት እንዲቆርጥ። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በሰኔ 2009 ይህን አገደ። ኢንተርኔት ሰው ሐሳቡን የሚገልጽበት መንገድ ነው፣ መቁረጥ ካስፈለገም የዳኛ ሥራ ነው አለ። ልክ ነበር። አቅራቢዎቹም ሁሉም በደስታ አልተባበሩም። በጥቅምት 2010 ኢሜይሎቹ መላክ ሲጀምሩ ፍሪ የሚባለው ኩባንያ አላስተላልፍም ብሎ ነበር፤ መንግሥት ወዲያው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ።

አርቲስት የለፋበትን በነፃ መውሰድ ተገቢ አይመስለኝም፣ በዚህ አልከራከርም። ችግሩ ቁጥሩ መስመሩን እንጂ ሰውየውን አለማሳየቱ ላይ ነው። በ2012 በዚህ ሕግ መጀመሪያ የተቀጣው በምሥራቅ ፈረንሳይ የሚኖር ሰው ነበር። የሪሃናን ዘፈኖች ያወረደችው ሊፋታት የነበረችው ሚስቱ ናት፣ እሷም አምናለች። ግን መስመሩ በእሱ ስም ነው። “መስመርህን አልጠበቅክም” ተብሎ 150 ዩሮ ተቀጣ። አምስት ሰው አንድ ዋይፋይ ተጋርቶ በሚኖርበት ቤት ውልን በስሙ የፈረመው ሰው ምን ያህል እንደሚጋለጥ አስቡት።

በዳኛ ትእዛዝ ኢንተርኔት የመቁረጡ ቅጣትም በሐምሌ 2013 ተሰረዘ። ሃዶፒም በ2022 ከብሮድካስት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሕዶ አርኮም የሚባል ተቋም ሆኗል። ማስጠንቀቂያው ግን አልቀረም፤ ዛሬም የሚደርሰው መስመሩ በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው።