የብሎክ ሰዓት ምንድን ነው?

የጭነት መኪና ረዳት አይታችሁ ታውቃላችሁ። ዳገት ላይ መኪናው ሊቆም ሲል ዘሎ ይወርድና ጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል። ታኮ ማለት ነው። አውሮፕላንም ታኮ አለው። ሲቆም ይደረግለታል፣ ሊሄድ ሲል ይነሳለታል። የአቪዬሽን ሰዎች ይህን ታኮ «ብሎክ» ይሉታል። አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተነቃነቀበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ ቦታውን ይዞ እስኪቆም ያለው ጊዜም የብሎክ ሰዓት ተባለ። ቲኬታችሁ ላይ ያለው የጉዞ ሰዓት እሱ ነው።

ከዱባይ ሆንግ ኮንግ ያለውን መንገድ እንውሰድ። በአጭሩ መስመር 5,900 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ስታካፍሉት 6 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ቲኬቱ ግን 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይላል። ሲመለስ ደግሞ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ።

የመጀመሪያዋ ትርፍ ሰዓት ብዙም ምስጢር የላትም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይንከላወሳል፣ መንደርደሪያው ጋ ወረፋ ይይዛል። ሽቅብ ሲወጣና ለማረፍ ሲወርድ ፍጥነቱ ያንሳል። የአየር መንገዱም መስመር ቀጥ ያለ አይደለም። በዚያ ላይ ኩባንያዎች ለክፉ ቀን ብለው ደቂቃ ይጨምራሉ። ዘግይቶ የተነሳ በረራ አንዳንዴ በሰዓቱ የሚገባው ለዚህ ነው። ካፒቴኑ ቲኬቱ ላይ ካለው ያነሰ ሰዓት ሲናገር «ቀድመን ልንገባ ነው!» ብላችሁ አትቸኩሉ። እሱ የነገራችሁ አየር ላይ ያለውን ብቻ ነው።

የመልሱ ጉዞ መርዘም ግን የነፋስ ሥራ ነው። ብርቱካን ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉና ክር ወጥሩበት። አጭሩ መንገድ ክሩ የተኛበት ነው፤ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሲሳል ግን ይጎብጣል። የዱባይና የሆንግ ኮንግ ክርም ወደ ሰሜን ይጎብጥና መሃሉ ላይ የሕንድና የኔፓል ድንበር አካባቢ ይደርሳል። በክረምታቸው፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በዚያ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። ወደ ሆንግ ኮንግ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል፤ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። በበጋቸው ከሂማላያ ወዲያ ወደ ሰሜን ስለሚሸሽ ልዩነቱ ይጠባል።

አሁን ደግሞ ሰው የሚያምታታው ነገር። ሆንግ ኮንግ ከዱባይ በ4 ሰዓት ትቀድማለች። ከዱባይ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ (በእኛ አቆጣጠር) ብትነሱ፣ ሆንግ ኮንግ የምትገቡት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ሳታስቡ ብትቀንሱት 11 ሰዓት ተኩል የበረራችሁ ይመስላል። ከሆንግ ኮንግም ጠዋት 4 ሰዓት ተነስታችሁ ዱባይ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ትደርሳላችሁ። ይኼኛው 4 ሰዓት ተኩል ብቻ ይመስላል፤ ረጅሙ ጉዞ ግን እሱ ነው። መላው ቀላል ነው፦ የመድረሻውን ሰዓት ወደ መነሻው ከተማ ሰዓት መልሱትና ከዚያ ቀንሱ።